በትሩን ማን ይሸከም?

እህቴ ማንኛውም ነገር በሚዛን ካልወጣ አታምንም። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ አመሏ ግን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው የጀመራት። ልጆች ሆነን ስኳር ልንገዛ ስንላክ፣ ባለሱቁ ሚዛኑ ላይ ጣቱን እንዳያሳርፍ በእግሯ ጣት ቆማ ታፈጥበት ነበር። ሰውየው መሮት "ሁለተኛ ይቺን ልጅ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ" አለኝ፣ የእሷ ታናሽ መሆኔን እንኳ ሳያጣራ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድም ሆስፒታል መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችው ክብደቱን ነው። ነርሷ "ጥሩ ነው፣ ደህና ክብደት አለው" ብትላት፣ "ደህና ስንት ነው?" ብላ ድርቅ አለችባት።

ተማሪዎቿ "ሚዛን" የሚል ስም አውጥተውላታል። ላብራቶሪ ውስጥ ዱቄት በግምት ቆንጥሮ ቁጥር የጻፈ ተማሪ ካገኘች፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "በዓይንህ ነው የመዘንከው?" ትለዋለች። ያኔ ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። እኔ ግን አልፈራትም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእኔ ሙያ በሜትር እንጂ በኪሎ አይደለም።

ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። የመምህራኑን ጋውን የምሰፋው፣ ዘርፉን የማድሰው፣ ሆዳቸው ሲገፋ በጎን የምለቅላቸው እኔ ነኝ። ሰው ልኬት ሲወሰድለት ዝም ማለት አይችልም፤ ስለዚህ የግቢው ወሬ ለእህቴ ከመድረሱ በፊት ለእኔ ይደርሰኛል። ሱቄ ደግሞ ሌላ ሥራም አለው፣ ሳልፈልግ የገባሁበት። ትርፍራፊ ጨርቅ የማከማችበት ትልቅ ሳጥን አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት መምህርት "ክፍል ገብቼ እስክወጣ ብቻ" ብላ ልጇን እላዩ ላይ አስተኛችው። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። አሁን አንዳንድ ቀን ከስፌት ማሽኔ ድምፅ የልጆቹ ይበልጣል።

ከሁሉም የምወዳት "ሯጯ" ያልናት ወጣት ረዳት መምህርት ናት። የእህቴ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ክፍል ሱቄ፣ ከሱቄ ላብራቶሪ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ ነው ቀኑ የሚያልቀው። ልጇን ድንቡሼ እንላታለን፤ ጉንጯ ከፊቷ ቀድሞ የሚመጣ ሕፃን ናት። ሯጯ አንድ ቀን ልጇን እያጠባች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "እታለም ሚዛን እንዳትሰማ እንጂ፣ ከዚህ ሴሚስተር በኋላ ሥራውን ልተወው ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ምስጢር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ማታውኑ ለእህቴ ነገርኳት።

እህቴ ሻይዋን ደጋግማ አማሰለች። ከላብራቶሪዋ አጠገብ የተሰበሩ ወንበሮች የታጨቁበት፣ ፀሐይ የሚገባው ሰፊ ክፍል አለ። ያንን ክፍል ለሕፃናት ማቆያ ስጡን ብላ ስትጠይቅ ኖራለች። መልሱ ሁልጊዜ "እየታየ ነው" ነው። የሚያየው ሴኔቱ ነው፤ ሴኔቱ ውስጥ ደግሞ ልጁን ጨርቅ ሳጥን ላይ አስተኝቶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። አንዲት ሴት እንኳ የለችበትም።

ግን የዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ልማድ አለ። በምርቃት ቀን ሰልፉን የሚመራው፣ ወርቃማውን በትር የሚሸከመው፣ በአገልግሎት ከሁሉም የሚበልጠው መምህር ነው። በትሩን የተሸከመ ሰው ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሴኔት አባል ነው፤ ተራው ለሌላ እስኪያልፍ ድረስ በትሩም የእሱ፣ መቀመጫውም የእሱ። በትሩን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ አቧራውን የሚጠርገው እንኳ ቁልፉን የያዘው ተሸካሚ ነው። ለዓመታት የተሸከሙት የፊዚክስ መምህሩ ነበሩ። ግቢው በሙሉ "ጋሼ ፊዚክስ" ይላቸዋል። በየምርቃቱ ጎንበስ ብለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኖ ሲገቡ እናቶች "እኒህ ሰውዬ ዛሬስ ወደቁ" ይላሉ። በዚህ ዓመት ጡረታ ወጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ በአገልግሎት ማን እንዳለ ሲታይ እህቴ ሆና ተገኘች።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋውኑን ሊለካ ሱቄ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ከረሜላ ይዞ የሚመጣ፣ ድንቡሼን "አንቺ ወፍራም" እያለ የሚያስቃት ሰው ነው። ክንዱን ዘርግቶ ሳለ እንዲህ አለኝ፦

"እህትሽን አንድ ነገር ምከሪያት። በትሩ ከባድ ነው እኮ። ከእሷ ቀጥሎ ላለው ለታሪክ መምህሩ ብትለቅለት ማን ይከፋዋል? ለራሷ ብለን ነው።"

"ከባድ ነው ያልከኝ ይዘኸው ታውቃለህ?"

"እኔማ ከየት ብዬ? ግን ጋሼ ፊዚክስን አላየሽም እንዴ?"

ስፒሉን ብብቱ አካባቢ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ወጋሁት። ሳላውቅ ነው ብያለሁ፤ አሁንም ሳላውቅ ነው እላለሁ።

እህቴ ግን "እሸከማለሁ" አለች፣ አለቀ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ልምምድ ይደረግ አለ። ዋናው በትር ስለማይነካ፣ የብረታ ብረት ክፍሉ በትሩን የሚያክል የብረት ቧንቧ ቆርጦ ሰጣት። ይህን የሠሩት ሊጎዷት አልነበረም፤ ሁሉም ሰው በትሩ ብረት ነው ብሎ ያምን ስለነበር ነው። እህቴም አመነች። ቧንቧውን መጀመሪያ የወሰደችው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሚዛን ነው። መዝና፣ ቁጥሩን አይታ፣ "ይቻላል" አለች። ዋናውን በትር መዝኖት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም። ያን ሁሉ ፕሮፌሰር፣ ያን ሁሉ ላብራቶሪ፣ ያን ሁሉ ሚዛን የያዘ ግቢ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የስፖርት ቤት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ቧንቧዋን ታቅፋ ግቢውን ትዞራለች። ባሏ ከኋላዋ ፎጣ ይዞ ይከተላታል፤ "ወታደር አግብቼ ኖሯል" እያለ ጎረቤት ያስቃል። አንድ ቀን ቧንቧው አምልጧት የአበባ ማሰሮ ሰበረ፤ ሌላ ቀን የልብስ ማስጫ ገመዱን ይዞ ወረደና አንሶላው በሙሉ እላይዋ ላይ ተጠቀለለ። እናታችን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታያታለች። ወገቧ የጎበጠው ውሃ ስትቀዳ ነው፤ እኛን ስታሳድግ ጀርባዋ ላይ አንዳችን፣ እጇ ላይ ጀሪካን ያልነበረበት ቀን አላስታውስም።

"ምንድነው የምትሆኚው ልጄ?" አለቻት።

"መሸከም እንደምችል ላሳያቸው ነው እማዬ።"

"እኔ ውሃ ስሸከም ኮሚቴ የት ነበር?" አለች እናቴ። የእህቴ ባል በሳቅ ፎጣውን ጣለው።

ልምምዱ ቀን ግን ማናችንም አልሳቅንም። ቧንቧውን ይዛ ከበሩ ተነሣች። በደህና ሄደች፣ አበባውን አለፈች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ጋ ስትደርስ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ቧንቧውን ደረጃው ላይ አሳረፈችው። ለአንዲት አፍታ ብቻ ነው፤ ወዲያው አንሥታ አዳራሹ ድረስ አደረሰችው። ሰብሳቢው ግን አይቷል። በጣም እያዘነ፣ በጣም እየተሽቆጠቆጠ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ነገራት፦ በምርቃቱ ቀን የታሪኩ መምህር ከጎኗ ይሄዳል፤ እሷ መሐል ላይ ካሳረፈችው እሱ ይቀበላታል። የተቀበለ ደግሞ ተሸካሚው እሱ ነው። መቀመጫውም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

እህቴ ሱቄ መጥታ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ድንቡሼ ጣቷን ጨብጣ ትስባለች።

"ብጥለውስ?" አለችኝ።

እህቴ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። "ከጣልሽው እኔ ዘልዬ ገብቼ አነሣዋለሁ፤ የታሪኩን መምህር ደግሞ በመቀስ ነው የምጠብቀው" አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች፤ ያን ቀን ግን ሻይ አልጠጣችም።

የምርቃቱ ዕለት ሰማዩ እንኳ የታጠበ ይመስል ነበር። ሰልፉ ከመነሣቱ በፊት አስረካቢና ተረካቢ ብቻቸውን የሚገቡባት ትንሽ ክፍል አለች። እኔ የገባሁት የእህቴ ጋውን ቅምቅማት በመጨረሻ ሰዓት ስለተተረተረ ነው፤ ስፒል በአፌ ነክሼ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ነበር። ጋሼ ፊዚክስ መስታወቱን ከፍተው በትሩን አወጡ። ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። እህቴ እግሯን ከፈተች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ያን ሁሉ ጊዜ በብረት ያጠነከረችውን ክንድ ወጥራ ከፍ አደረገችው።

በትሩ ተስፈንጥሮ ጣራው ላይ ያለውን አምፖል መታው።

ስፒሉን ልውጠው ነበር። እህቴ በትሩን አየችው። ወደ ላይ ወረወር አድርጋ ቀለበችው። በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ስስ ቆርቆሮ ላይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ።

"ምንድነው ይሄ መምህር?" አለች።

ጋሼ ፊዚክስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በሩን አዩ። "ቀስ በይ ልጄ። እኔም ስረከበው እንዳንቺው ነው የሆንኩት። ያስረከቡኝ ሰው 'ከባድ አስመስለህ ሂድ' አሉኝ። እሳቸውንም እንዲሁ ብለዋቸው ነበር።"

"ግን ለምን?"

"ክብር ነዋ! እንደ ጃንጥላ አንጠልጥለነው ብንገባ ማን ይነሣልን ነበር?"

"ኮሚቴው ለሴት ይከብዳል ሲል እዚያው ነበሩ አይደል?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሰበሩ። "ነበርኩ" አሉ። "ልናገር ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አፈርኩ።"

እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። የተሰበረው የአበባ ማሰሮ፣ የታመመው ክንዷ፣ ያልተጠጣው ሻይ ሁሉ ባንዴ ፊቴ ላይ መጣ። ልጮህ ስል እህቴ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው፣ ከዚያ ወንበር ይዛ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ። "ሦስት ሚዛን አለኝ እኮ" ትላለች፣ "እዚያ ማዶ ላብራቶሪዬ ውስጥ ሦስት ሚዛን! ተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ!" ጋሼ ፊዚክስም ቀስ በቀስ ተከተሏት፤ እኔም ስፒሌን ተፍቼ ሳቅኩ።

ውጭ ሙዚቃው ጀመረ። ጋሼ ፊዚክስ እጇን ያዙ። "እንደኛው አስመስለሽ ግቢ ልጄ። መቀመጫው ያንቺ ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ካወጣሽው ግን ሴኔቱ ውስጥ የሚቀየሙሽ አሉ።" እህቴ በትሩን ጨብጣ ወደ በሩ ዞረች። እውነታቸውን ነበር፤ ያ ክፍል በዚያ መቀመጫ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በሌላ በኩል አስመስላ ከገባች፣ ነገ ለሯጯ ተራ ሲደርስ ያው "ይከብዳታል" ይመጣል።

ከበሩ ስትወጣ ሕዝቡ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር የጠበቀው። እህቴ ቀጥ ብላ ወጣች። በትሩን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም ጭንቀት የለም። የታሪኩ መምህር ከጎኗ እጁን ዘርግቶ፣ ልትወድቅ ነው ብሎ እያያት ይሄዳል።

"ልቀበልሽ?" አላት አበባው ጋ።

"ቆይ" አለችው።

"ልቀበልሽ?" አላት እንደገና፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ጋ።

በዚህ ጊዜ እኔ ከእናቴ ጋር ደረጃው ሥር ቆሜአለሁ፤ ድንቡሼን ታቅፌያለሁ። እናቷ ሯጯ ከመምህራኑ ጋር ሰልፉ ውስጥ ናት። ሕፃኗ የእናቷን ድምፅ ሰማች መሰለኝ፣ ወይም ወርቁ አንጸባረቀባት፤ ግቢው በሙሉ የሚሰማውን ለቅሶ ለቀቀችው። ሯጯ ከሰልፉ እንዳትወጣ አፍራ፣ እንዳትቀር ጨንቋት ቆመች። እህቴ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። በትሩን ወደ አንድ እጇ አዛወረችና ሌላውን ዘረጋችልኝ።

"አምጫት" አለች።

ሰጠኋት። ድንቡሼ ትከሻዋ ላይ ሆና ዝም አለች። እህቴ በቀኝ እጇ በትሩን፣ በግራዋ ሕፃኗን ይዛ ደረጃውን ወጣች። "ወይ ጉልበት!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። የታሪኩ መምህር የተዘረጋ እጁን ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት አጨበጨበበት። ሰብሳቢው አፉን ይዞ ቀረ።

አዳራሹ ውስጥ በትሩ ሲደርስ ተሸካሚው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ "በትሩ ደርሷል" ይልና ራሱ መቆሚያው ላይ ያሳርፈዋል። እህቴ ግን "በትሩ ደርሷል" ብላ ለፕሬዚዳንቱ ዘረጋችለት። ፕሬዚዳንቱ ክቡ ኮፍያውን እንዳደረገ ተነሣ፣ ወገቡን ያዘ አደረገ፣ በሁለት እጁ እያማጠ ተቀበላት። በትሩ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ኮፍያውን ገፎ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ጣለው። አንድ ተመራቂ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። ፕሬዚዳንቱ በትሩን ወዝወዝ እያደረገ ሲያየው ቆየና፣ ሳይወድ በግዱ እሱም ሳቀ።

እህቴ ማይክሮፎኑን አልለቀቀችም። "ቀላል ነው" አለች። "ሁልጊዜም ቀላል ነበር። ጋሼ ፊዚክስን አትውቀሷቸው፣ እኔም ያን ሁሉ ጠዋት አምኜ ብረት ስሸከም ነበር።" ከዚያ ድንቡሼን ከፍ አደረገቻት። "ከባዷ ይቺ ናት። ይቺን ይዘው የሚያስተምሩ ሴቶች እዚህ ውስጥ አሉ። እዚያ የተሰበሩ ወንበሮች ያሉበትን ክፍል ለእነሱ ስጡን።"

ሯጯ ከመምህራኑ መሐል ጮክ ብላ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ነበር። መጀመሪያ የቆሙት ጋሼ ፊዚክስ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው።

የተቀየሙ አልጠፉም። በመጀመሪያው የሴኔት ስብሰባ አንዱ "ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም" ብሎ ነበር። ፕሬዚዳንቱ "እኔ በኮሚቴ ምክንያት ኮፍያዬን ያጣሁ ሰው ነኝ" አለና ክፍሉ ተሰጠ። ወንበሮቹን ያወጡት ተማሪዎች ናቸው፤ መጋረጃውን እኔ ሰፋሁ፣ ከጋውን በተረፈ ጨርቅ። ሯጯ ሥራዋን አልለቀቀችም። መሮጥ ግን ያው አልተዋትም፤ አመል ሆኗል።

ክፍሉ በተከፈተበት ቀን እህቴ በሩ አጠገብ ትልቅ ሚዛን አስቀምጣ አገኘኋት። በትሩንም ይዛ መጥታለች፤ ቁልፉ የእሷ ነዋ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አልኳት።

"እንቅልፍ ነስቶኛል" አለች። "ያን ሁሉ ሰው ፊት ድንቡሼ ትከብዳለች ብዬ ተናገርኩ። በዓይኔ ነው የመዘንኩት።"

በትሩን መዘነች። ሕፃኗን መዘነች። ቁጥሩን አይታ፣ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች፤ ከዚያ "ትበልጣለች! እጥፍ ትበልጣለች!" ብላ እንደ ልጅ ዘለለች።

እናታችን በትሩን አቀብሉኝ አለች። በአንድ እጇ ተቀብላ፣ ከላይ እስከ ታች አገላብጣ አየችው። አንድ ወቅት ጀሪካን ይዞ በነበረው እጇ ላይ ከመወልወያ እንጨት የሚከብድ አይመስልም።

"ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሰው የሰበሰቡት?" አለች። ግድግዳው ላይ አስደግፋው እጇን ዘረጋች። "በሉ ልጅቷን ስጡኝ።"